ያልተላከው ፊልም

ሰርካለም ወደ መንዟ ከተማ ወደ መሐል ሜዳ የገባችው ዘጠነኛ ክፍል ልትማር ነው። ወላጆቿ ከቀየት ከተማ ወዲያ ማዶ ገብስ እያረሱ፣ በግ እያረቡ የሚኖሩ ገበሬዎች ናቸው። እንደ ሌሎቹ የገጠር ተማሪዎች አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየች። አርብ ከትምህርት ስትወጣ ወደ ቤተሰቦቿ ትሄዳለች፣ እሑድ በሶዋንና ድርቆሿን ተሸክማ ትመለሳለች። ክፍሉን የምትጋራት መቅደላዊት የምትባል ራቤል ከሚባል ከተማ የመጣች ልጅ ነበረች። ሁለቱ አንድ ፍራሽ ላይ ተኝተው፣ አንድ የበግ ፀጉር ባና ለብሰው፣ ከአንድ ሰሃን በልተው ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ኖሩ። ለማያውቃቸው ሰው እህትማማች ይመስሉት ነበር።

የፊልም ነገር ሰርካለምን የጀመራት ግን ብቻዋን ሳለች ነው። አንድ ቀን የስልኳ ቻርጅ መሰኪያ ተበላሽቶባት ከገበያው ጀርባ ወዳሉት ወደ ጋሼ በኃይሉ ሄደች። ጋሼ በኃይሉ ስልክና ሬዲዮ ጠጋኝ ናቸው። ዱሮ ግን ቪዲዮ ቤት ነበራቸው፤ በገበያ ቀን አግዳሚው ሞልቶ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ የሚያይበት ዘመን ነበር። ዲሹም ስልኩም እየበዛ ሲሄድ ተመልካቹ አንድ በአንድ ቀረ። አግዳሚው ወጣ፣ ክፍሉ የገብስ ጆንያ ማስቀመጫ ሆነ። ትልቁ ቴሌቪዥንና በካርቶን የታጨቁት ሲዲዎች ግን ከቦታቸው አልተነሱም።

ያን ቀን በረዶ ጣለ። ቤቱ ቆርቆሮ ነውና ሰው ከሰው መደማመጥ አልቻለም። ሰርካለም ስልኳ እስኪሠራ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ቀና ብትል፣ ቴሌቪዥኑ ውስጥ አንዲት ሴት ባቡር ጣቢያ ቆማለች። ባቡር መጣ፣ ሰው ወረደ፣ ባቡሩ ሄደ። ሴትዮዋ የምትጠብቀው ሰው አልመጣም። ቦርሳዋን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ይኸው ነው። ሰርካለም ባቡር በዓይኗ አይታ አታውቅም፣ የሴትዮዋንም ቋንቋ አትሰማም። ቢሆንም ዓይኗን ከእሷ አልነቀለችም። በረዶው አባርቶ፣ ስልኳ ተሠርቶ እጇ ላይ ከተቀመጠ በኋላም አልተነሳችም።

«አልሄድም አልሽ እኮ» አሏት ጋሼ በኃይሉ።

«ሰውየው ይመጣ እንደሆን ልየው ብዬ ነው።»

«አይመጣም። ግን ተቀመጪ። የፊልሙ ነገር ያለው እሱ ሳይመጣ ሲቀር ነው።»

ከዚያ ወዲህ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እግሯ ወደዚያ ሆነ። የጋሼ በኃይሉ ባለቤት እትዬ ጠጄ ጥግ ተቀምጠው የበግ ፀጉር እየፈተሉ፣ በየመሀሉ «ይቺ ሴት መቼም አልታደለች» ይላሉ። ጋሼ ደግሞ የፈቱትን ስልክ ትተው ያስተምሯታል። አንዳንዴ ድምፁን ያጠፉና «በይ አሁን ምን እየተባባሉ እንደሆነ ንገሪኝ» ይሏታል። እሷም ትነግራቸዋለች። ልክ ትሁን አትሁን ግድ የላቸውም፤ «ፊቱን ካየሽ ቃሉ አይጠፋሽም» ይላሉ። ሰርካለም በዕድሜዋ የእኔ የምትለው ነገር ኖሯት አያውቅም። ልብሷ ከታላቅ እህቷ የወረደ፣ መጽሐፏ የትምህርት ቤቱ፣ ፍራሿ የሁለት ሰው ነው። ይህ ግን የእሷ ብቻ ሆነ።

መቅደላዊትን ወደዚያ ቤት የወሰደቻት ራሷ ናት። አሥረኛ ክፍል ሳሉ ነው። ደስታውን ብቻዋን መያዝ አልችል አለችና፣ ከሁሉም የምትወደውን ያንን የባቡር ጣቢያ ፊልም አስከፈተችላት። በየቦታው «አሁን እዪ፣ አሁን እዪ» እያለች ክንዷን ትነካካታለች። መቅደላዊት ዝምተኛ ልጅ ናት። አገጯን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ እስከ መጨረሻው አየች። ሲያልቅ ጋሼ በኃይሉ «እህስ፣ እንዴት አገኘሽው?» አሏት።

«ሴትዮዋ ቤቷ ስትገባ ሁለት ኩባያ አጠበች» አለች መቅደላዊት። «አንዱን ግን ማንም አልጠጣበትም ነበር።»

ጋሼ በኃይሉ መፍቻቸውን አስቀመጡ። ፊልሙን ወደ ኋላ መልሰው አዩት። እውነቷን ነው። አንደኛው ኩባያ ንጹሕ ነው፤ ሴትዮዋ ግን እንደ ቆሸሸ አድርጋ አጠበችው።

«አሥራ ስምንት ዓመት ይህን ፊልም ሳሳይ ይህን ያየ አንድ ሰው አልገጠመኝም» አሉ። «እኔም አላየሁት።»

ሰርካለም ያንን ፊልም ሰባት ጊዜ አይታዋለች። ፈገግ ልትል ሞከረች፣ ፊቷ እንቢ አላት። ወደ ክፍላቸው ሲመለሱ መቅደላዊት «እንዴት ደስ ይላል። ስላመጣሽኝ እግዜር ይስጥሽ» ስትላት፣ «ብርዱ ገባኝ» ብላ ነጠላዋን አፏ ድረስ ሳበች።

ቅናት እንደ ቁንጫ ነው፤ አንዲት ከገባች ሰውነት ሁሉ ይበላል። ሰርካለም ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁጠር ያዘች። ጋሼ «ምን አያችሁ?» ሲሉ ዓይናቸው አስቀድሞ ወደ ማን እንደሚሄድ ትቆጥራለች። እትዬ ጠጄ ቆሎ ሲዘግኑ የማን እጅ እንደሚሞላ ታያለች። አንድ ቀን «ዛሬ ጋሼ ደብረ ብርሃን ሄደዋል፣ ቤቱ ዝግ ነው» ብላ መቅደላዊትን አስቀርታ ብቻዋን ሄደች። ገና ከመግባቷ ጋሼ «ያቺ ልጅስ?» አሉ።

«አሟታል» አለች ሰርካለም።

በማግስቱ እትዬ ጠጄ ለታመመችው ብለው አጥሚት ሠርተው ክፍላቸው ድረስ መጡ። መቅደላዊት ግራ ተጋብታ ሰርካለምን አየቻት። ከዚያ «አሁን ተሽሎኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች። ያንን ነገር ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አላነሳችባትም። ሰርካለም ይህንንም ቂም አድርጋ ያዘችው። የልጅቷ ጥሩነት ራሱ ተንኮል መሰላት።

አሥራ አንደኛ ክፍል ሲደርሱ የአማርኛ አስተማሪያቸው መምህር ሀዲስ አንድ ወሬ ይዘው መጡ። ደብረ ብርሃን ያለ አንድ የወጣቶች ማዕከል፣ በስልክ የተቀረጸ የአምስት ደቂቃ ፊልም ሊያወዳድር ነው። ሰርካለም ያንን ሳምንት እንቅልፍም ምግብም ረሳች። ይህ ለእሷ የመጣ እንጂ ለሌላ ለማን ይሆናል? አሥራ አራት ገጽ ጻፈች። የባለጠጋ ልጅ አለበት፣ መርዝ አለበት፣ ቤት ይቃጠላል፣ ከውጭ አገር የተመለሰ ወንድም በእህቱ እቅፍ ይሞታል። የክፍል ጓደኞቿን ሰብስባ መቅረጽ ጀመረች። ወንድም የሆነው ልጅ ሊሞት ሲወድቅ ሳቁ ያመልጠዋል። የመሐል ሜዳ ንፋስ ንግግሩን ይበላዋል። በሦስተኛው ሳምንት የቀረጸችውን መልሳ ብታየው፣ ከመንዝ ሰው አንድም እንደዚያ የሚናገር የለም። ወረቀቱን አጥፋ ፍራሹ ሥር ከተተችው፤ መተዋንም ለማንም አልነገረችም።

መቅደላዊት ግን የወንድሟን ስልክ ተውሳ አንድ ነገር ትቀርጽ ነበር። ተዋናይ አልጠራች፣ ወረቀት አልጻፈች።

«ስለ ምንድን ነው?» ትላታለች ሰርካለም።

«ሲያልቅ ታዪዋለሽ።»

«ስለ ማን ነው እሱንስ ንገሪኝ?»

መቅደላዊት አንገቷን ደፍታ ዝም ትላለች። ሰርካለም ዝምታውን ንቀት ብላ ተረጎመችው።

ያን ሰሞን ኢንተርኔት አልነበረም። ፊልሙ ደብረ ብርሃን የሚደርሰው በሚሞሪ ካርድ፣ በአውቶቡስ ብቻ ነው። የማስረከቢያው ቀን ሊደርስ ሁለት ቀን ሲቀረው መቅደላዊት አጎቷ ማረፉ ተነገራትና ወደ ራቤል ለለቅሶ ተነሳች። ዓይኗ አብጦ፣ ጥቁር ነጠላዋን እያጣፋች፣ ሚሞሪውን በወረቀት ጠቅልላ ለሰርካለም ሰጠቻት።

«ነገ ጠዋት ለጋሽ አበጀ ስጪልኝ። ማዕከሉ ድረስ እወስደዋለሁ ብለውኛል። ነገ ካልሄደ ያልፋል።»

«እሺ፣ አታስቢ» አለች ሰርካለም።

ጋሽ አበጀ የደብረ ብርሃን አውቶቡስ ሾፌር ናቸው። የመሐል ሜዳ ሰው ለልጁ ስንቅ፣ ለታማሚው መድኃኒት፣ ለቢሮ ደብዳቤ የሚልከው በእሳቸው እጅ ነው። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ሰርካለም መናኸሪያ ደረሰች። ውርጩ መሬቱን አንጥቶታል። ጋሽ አበጀ ሞተሩን እያሞቁ መስታወቱን በጨርቅ ይጠርጋሉ።

«ምነው ልጄ፣ የሚላክ አለሽ?»

ሰርካለም እጇ ኪሷ ውስጥ ነው። ወረቀቱን በጣቶቿ ይዛዋለች። ክፉ ላድርግ ብላ ከቤት አልወጣችም። እጇ ነው ከኪሷ አልወጣ ያላት።

«የለም፤ ሰው ልሸኝ መጥቼ ነው» አለች።

አውቶቡሱ ሞላ፣ ሄደ። እሷ ጭሱ እስኪጠፋ ቆማ ቀረች። ደስታ ይሰማኛል ብላ ነበር፣ የተሰማት ብርድ ብቻ ነው።

መቅደላዊት ከለቅሶ ስትመለስ ገና ጫማዋን ሳታወልቅ «ሰጠሽልኝ?» አለቻት።

«ሰጥቻቸዋለሁ።»

ከሦስት ሳምንት በኋላ መምህር ሀዲስ የተወዳዳሪዎቹን ስም ዝርዝር ይዘው መጡ። የመቅደላዊት ስም የለበትም፤ ተሸንፋ ሳይሆን ፊልሟ ጭራሽ አልደረሰም። መቅደላዊት «ጋሽ አበጀን እንጠይቃቸው፣ አብረሽኝ ነይ» አለቻት። ሰርካለም እንቢ ብትል ይታወቅብኛል ብላ ፈርታ ሄደች።

ጋሽ አበጀ ጥያቄውን ሲሰሙ ግንባራቸውን ቋጠሩ። «ልጄ፣ በዚህ መንገድ ሃያ ዓመት ስመላለስ የሰው ዕቃ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ማርያምን፣ አልተቀበልኩም።» ወደ ሰርካለም ዘወር አሉ። «ተቀብዬሻለሁ እንዴ?»

ተሳፋሪው፣ ረዳቱ፣ መቅደላዊትም ሁሉም ሰርካለምን ያዩ ነበር።

«ሰጥቼዎታለሁ ጋሽዬ። ረስተውት ይሆናል» አለች።

ሰውየው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። ከዚያ ኮታቸውን፣ የሸሚዛቸውን ኪስ፣ የመሪውን አጠገብ ሁሉ ዳበሱ። ድምፃቸው ዝቅ ብሎ «እንግዲህ ረስቼው ይሆናል። እርጅና መጣ መሰል» አሉ።

መቅደላዊት «ምንም አይደል ጋሽዬ» ብላ የሰርካለምን ክንድ ይዛ ወጣች።  ሰርካለምን ግን ያ የያዛት እጅ እንደ ፍም አቃጠላት።

ሚሞሪውን እስከዚያ ድረስ አልከፈተችውም ነበር። መጥፎ ሆኖ ብታገኘው ሰላም ይሰማኛል፣ «ቢሄድም አያሸንፍ» እላለሁ ብላ አሰበች። አንድ ቀን ከሰዓት መቅደላዊት ቤት ቀርታ ሳለች ወደ ጋሼ በኃይሉ ሄዳ ሚሞሪውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካች። ጋሼ ወንበራቸውን አዞሩ። እትዬ ጠጄ ፈትላቸውን ይዘው ቀረብ አሉ።

መጀመሪያ ጨለማ ነው። ቀጥሎ አንድ ፊት ከጨለማው ወጣ፤ ሰማያዊ ብርሃን እየመጣ እየሄደ ይነካዋል። የሰርካለም ፊት ነው። እዚሁ ቤት፣ እዚሁ ጆንያ ላይ ተቀምጣ ፊልም ታያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ የተዋናዮቹን ንግግር ከእነሱ ቀድማ ትላለች። ሰው ሊሞት ሲል እጇ ሳታውቀው ደረቷ ላይ ይወጣል። ቀጥሎ የቀየት መንገድ መጣ። ሰርካለም ስንቋን በከረጢት ይዛ ብቻዋን ትሄዳለች፤ ካሜራው ከሩቅ ከኋላዋ ነው። መሀል መንገድ ላይ ቆመች፣ ዘወር ብላ ባዶውን ሜዳ አየች፣ ከረጢቱን ከቀኝ እጇ ወደ ግራ እጇ አዛወረች። ልክ እንደዚያች ሴት። ከዚያ መንገዷን ቀጠለች፣ ትንሽ ነጥብ ሆና እስክትጠፋ ድረስ።

አንድም ቃል የለውም። 

እውነቱን ለመናገር ሰርካለምን አስቀድሞ የመታት ጸጸት አልነበረም። ያው ቅናት ነው። ከንፈሬ እንደሚንቀሳቀስ እኔ አላውቅም፣ እሷ ግን ይህንንም አየች፤ ያለችው ይህንን ነው በልቧ። ጸጸቱ የመጣው ከዚያ በኋላ፣ እትዬ ጠጄ አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

«አበጀ ሰሞኑን የሰው ዕቃ አልቀበልም ብሏል አሉ» አሉ ክራቸውን ሳይለቁ። «ማስታወሴ ደክሟል ይላል። የእህቴን ልጅ መድኃኒት እንኳ አልወስድም አለ።»

ጋሼ በኃይሉ ሚሞሪውን ነቅለው ሰርካለም መዳፍ ላይ አስቀመጡት። «ይህ ደብረ ብርሃን መሄድ የነበረበት አይደለም?» ብለው ጠየቋት፤ መልሷን ግን አልጠበቁም። ወደሚጠግኑት ስልክ ዞሩ።

በማግስቱ ጠዋት መናኸሪያ ሄደች። ጋሽ አበጀን ከሰው ለይታ ሁሉንም ነገረቻቸው። አልጮኹባትም። መስታወት የሚጠርጉበትን ጨርቅ አጣጥፈው እንደገና ፈቱት።

«ከጠየቃችሁኝ ቀን ጀምሮ ኪሴን ስዳብስ ከረምኩ» አሉ። «እኔ እኮ የእውነት ዘነጋሁ ብዬ ነበር። መሪ ስይዝ ራሴን መፍራት ጀምሬ ነበር ልጄ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ አውቶቡሱ መለሱ። «በይ ሂጂ፣ ለባለቤቷ ንገሪ።»

መቅደላዊት ክፍላቸው ውስጥ ድንች እየላጠች ነበር። ሰርካለም ሚሞሪውን ከድንቹ ልጣጭ አጠገብ አስቀመጠችው።

«እሳቸው አልረሱም። እኔ ነኝ ያስቀረሁት።»

መቅደላዊት ቢላዋው በእጇ እንዳለ ቀረች። ኩበቱ ምድጃ ውስጥ ተንኮታኮተ። ሰርካለም ስድብ ጠበቀች፣ ልቅሶ ጠበቀች።

«አየሽው?» አለች መቅደላዊት።

«አየሁት።»

«እንዴት ነው?»

ሰርካለም ውሸት ሰልችቷት ነበር። «መጨረሻው ትንሽ ይረዝማል። የቀረው ግን… እኔ እንደዚያ ማየት አልችልም። ለዚያ ነው ያስቀረሁት።»

«ሳታዪው እኮ ነው ያስቀረሽው።»

«ሳላየውም አውቄ ነበር።»

መቅደላዊት ድንቹን ልጣ ጨረሰች። አብስላ ለሁለት አቀረበች፤ ተቀምጠው በሉ። «ይቅር» አላለችም፣ «አልምርሽም»ም አላለችም። በሳምንቱ ግን ከዘመድ ዘንድ ቤት ተገኝቶልኛል ብላ ልብሷን ሰብስባ ወጣች። ባናው ከሰርካለም ወላጆች ቤት የመጣ ስለነበር አጣጥፋ ፍራሹ ላይ ትታላት ሄደች። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ሲገናኙ ሰላምታ ይሰጣጣሉ፣ ከሰላምታ አያልፉም። ጋሽ አበጀ የሰው ዕቃ እንደገና መቀበል ጀመሩ። ሰርካለም ወደ ጋሼ በኃይሉ ቤት መሄዷን ብትቀጥልም ብዙ ጊዜ አንድ ጆንያ ባዶውን ይውላል።

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ለመቅደላዊት መጣላት፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ገባች። ለሰርካለም አልመጣላትም። መሐል ሜዳ ቀርታ አንድ ፎቶ ቤት ሥራ ያዘች። የሰርግና የክርስትና ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ ትቆርጣለች፣ ትቀጥላለች። እጇ ፈጣን ነው፤ የስድስት ሰዓት ሰርግ ወደ አንድ ሰዓት ስታወርደው የሚቀር ዘመድ የለም እያሉ ደንበኞቹ ያመሰግኗታል።

አምና አንድ ቀን ስልኳ ጮኸ። መቅደላዊት ናት። «ፊልሜ እዚህ ሊታይ ነው። ትመጪያለሽ?» አለቻት፤ ያለፈውን ምንም ሳታነሳ። ሰርካለም ሄደች። ጋሽ አበጀ ራሳቸው ጋቢና አስቀመጧት፣ እስከ ደብረ ብርሃን ስለ ገብሱ ቡቃያ እያወሩላት።

አዳራሹ በተማሪ ሞልቷል። ፊልሙ ራቤል ውስጥ ሰው ከሞተ በኋላ ስላለው ሳምንት ነው፤ አጥሩን ማን እንደሚጠግን፣ በጎቹን ማን እንደሚያግድ፣ የሟቹን ጫማ ማን እንደሚጫማ። ሰርካለም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንከን ስትፈልግ ቆየች። ዘጠኝ ደቂቃ ፈልጋ አንድም አላገኘችም። ሰዉ ሲያጨበጭብ እጆቿ ዘግይተው ተነሱ።

መቅደላዊት ከሕዝቡ መሀል ወጥታ መጣች። ከስታለች፣ መነጽር አድርጋለች። አቅፋ ከሳመቻት በኋላ ትንሽ ራቅ ብላ አየቻት።

«ቀናሽ?»

«በጣም።»

መቅደላዊት ሳቀች። «እንግዲያው ደህና ፊልም ነው ማለት ነው።»

ከዚያ ጉዞ ከሁለት ወር በኋላ ሰርካለም ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሰርግ ልትቀርጽ ተጠራች። ሙሽሪት በመኪና ከሄደች፣ ጭፈራው ከተበተነ በኋላ ካሜራዋን ልትከት ስትል የሙሽሪትን አባት አየች። ብቻቸውን ድንኳኑ ውስጥ ቀርተው ወንበር ይደራርባሉ። የመጨረሻውን ወንበር አነሱ፣ መልሰው አስቀመጡት፣ ተቀመጡበት። ሰርካለም ካሜራውን ሳታጠፋ አራት ደቂቃ ቆመች። ለሰርገኞቹ በሰጠችው ቪዲዮ ውስጥ ግን ያንን አላስገባችውም። አንድ ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየተቀመጠች ስትቆርጠው ስትቀጥለው ሰነበተችና ለመቅደላዊት ላከችላት።

ሁለት ቀን መልስ አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አጭር መልእክት ደረሳት። ምስጋና የለበትም፣ ሁለት ጉድለት ብቻ ተጽፎበታል። አንደኛው፣ ሰውየው ከመቀመጣቸው በፊት የገባው ዘፈን ይውጣ ይላል። ሁለተኛው፣ እጃቸው በቅርብ መታየት ነበረበት ይላል።

ሰርካለም ደሟ ፈላ። እንደገና አነበበችው። ሁለቱም ልክ ነበሩ። ስልኩን አስቀምጣ፣ ወንበሯን ወደ ኮምፒውተሩ ሳብ አድርጋ፣ ዘፈኑን ማውጣት ጀመረች።